የልምምድ ድርሰትን ማን ያርመው? እንዴትስ ይታረም?

አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና የሚወስድ ሰው ለጽሑፍ ክፍሉ 60 ደቂቃ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት መሆን አለበት። ውጤቱ ሲመጣ ከጽሑፍ ክፍሉ ትይዩ የሚያገኘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ 6.0። የጻፈው ወረቀት አይመለስለትም። የትኛው አንቀጽ እንደጎደለው፣ የትኛው ሐሳብ ለአራሚው ግልጽ እንዳልሆነ የሚነግረው አስተያየትም የለም። ቅር ብሎት እንደገና ይታይልኝ ብሎ ቢያመለክት እንኳ ሌላ አራሚ ያየውና ቁጥሩ ይጸናል ወይም ይለወጣል እንጂ ማብራሪያ አይደርሰውም።

ስለዚህ እርማት የሚገኘው ከፈተናው በፊት ነው። ብዙ ተፈታኞች ግን ይህን ጊዜ ለሌላ ነገር ያውሉታል። መጽሐፍ ይገዛሉ፣ ቪዲዮ ያያሉ፣ ከፍተኛ ውጤት ያመጣሉ የሚባሉ ሐረጎችን ዝርዝር ይሸመድዳሉ፤ የጻፏቸው ድርሰቶች ግን ማንም ሳያያቸው ደብተር ውስጥ ይቀራሉ። የሚያይላቸው ሰው ሲገኝም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» የሚል ማበረታቻ ወይም ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ የተሞላ ወረቀት ነው። ማበረታቻውም ሆነ ቀይ እስክሪብቶው በሚቀጥለው ድርሰት ላይ ምን መለወጥ እንዳለበት አይናገርም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ተፈታኞች ክብደት አለው። ለስኮላርሺፕ የሚያመለክት፣ ውጭ አገር በሙያው ለመሥራት የሚዘጋጅ፣ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የኢሚግሬሽን መንገድ ወደ ካናዳ ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ እንዲህ ያለ ፈተና ይጠብቀዋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉ ደግሞ ከ6 ያላነሰ ውጤት ይጠይቃሉ። እንዲህ ባለ ቦታ በንባብና በማዳመጥ 7.5 ያመጣ ሰው በጽሑፍ 5.5 ካገኘ ማመልከቻው እዚያው ላይ ይቆማል።

ዝግጅቱ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ክፍተት አለበት። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲደርስ ግን የእንግሊዝኛው ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። ከተሰጡት አማራጮች ትክክል ያለውን ይመርጣል እንጂ በሰዓት ተወስኖ ሐሳቡን በአንቀጽ አደራጅቶ አይጽፍም። ሰዓት ተይዞበት፣ የማያውቀው ሰው የሚያርመውን ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፈው ብዙ ብር ከፍሎ በተቀመጠበት የፈተና ወንበር ላይ ሊሆን ይችላል።

አራሚው ምን ያያል?

የአይልትስ አራሚ ድርሰቱን የሚመዝነው በአራት መስፈርቶች ነው። የመጀመሪያው ለጥያቄው የተሰጠው ምላሽ ነው፦ ጸሐፊው የተጠየቀውን በሙሉ መልሷል? አቋሙ ግልጽ ነው? ሐሳቡን አብራርቶ በምሳሌ ደግፏል? ሁለተኛው የሐሳብ ፍሰትና ትስስር፣ ሦስተኛው የቃላት አጠቃቀም፣ አራተኛው የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ሁለተኛው ጽሑፍ ደግሞ ከመጀመሪያው እጥፍ ይቆጠራል። ለዚህም ነው ከ60ው ደቂቃ 40ው ለእርሱ እንዲሆን የሚመከረው።

እነዚህ መስፈርቶች ምስጢር አይደሉም። እያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደሚጠይቅ የሚዘረዝረው ሠንጠረዥ ለሕዝብ ይፋ ሆኗል፤ በነጻ ይገኛል። ድርሰት የሚያርም ሰው ይህን ሠንጠረዥ ሳያይ ከጀመረ የሚያርመው በራሱ ሚዛን ነው። ሰዋስው ብቻ የሚያርም ጓደኛ፣ የቱንም ያህል ቢደክም፣ ከውጤቱ ሩቡን ብቻ ነው የነካው።

በሠንጠረዡ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። ብዙ ተፈታኝ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ «ፈርዘርሞር»፣ «ሞርኦቨር»፣ «ኢን አዲሽን» ከደረደረ ድርሰቱ የተያያዘ ይመስለዋል። ሠንጠረዡ ግን አያያዥ ቃላትን በዘፈቀደና በልማድ መደርደርን የዝቅተኛ ነጥብ ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። አስጠኚው «አያያዥ ቃል ጨምር» ሲል፣ ፈተናው የሚፈልገው አያያዡ ቢወጣም ሐሳቡ ራሱ የሚያያዝ ጽሑፍ ነው።

አንባቢ ሲለያይ

አንድ ድርሰት ለአምስት ሰው ቢሰጥ ለምን አምስት ዓይነት አስተያየት ይመጣል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ፖል ዲደሪክና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካው የፈተና ድርጅት በኢቲኤስ ውስጥ 300 የኮሌጅ ተማሪዎች ድርሰቶችን ለ53 አንባቢዎች አደሉ። ከአንባቢዎቹ መካከል መምህራን፣ ጸሐፊዎችና አርታኢዎች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የንግድ ሰዎች ነበሩ። የጋራ መስፈርት አልተሰጣቸውም፤ ድርሰቶቹን እንደመሰላቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ባለው ደረጃ እንዲመድቡ ብቻ ነው የተጠየቁት። ከ300ው ድርሰቶች 101ዱ ዘጠኙንም ደረጃ አገኙ። ይኸውም አንዱ አንባቢ እጅግ ጥሩ ያለውን ድርሰት ሌላው ከመጨረሻው ደረጃ ጣለው ማለት ነው። ከአምስት ያነሰ የተለያየ ደረጃ ያገኘ አንድም ድርሰት አልነበረም።

ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ሲመረምሩ አንባቢዎቹ በአምስት ቡድን ተከፍለው አገኟቸው። አንዱ ቡድን ለሐሳብ፣ ሌላው ለአደረጃጀት፣ ሦስተኛው ለቃላት ምርጫ፣ አራተኛው ለሰዋስውና ለፊደል ጥንቃቄ፣ አምስተኛው ለአጻጻፍ ለዛ ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ሁሉም ከልባቸው አንብበዋል፤ ያዩት ነገር ግን የተለያየ ነው። የዛሬዎቹ ፈተናዎች መስፈርት ዘርዝረው አራሚዎቻቸውን የሚያሠለጥኑት ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው።

ለተለማማጁ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ድርሰቱን ለሰው ሲሰጥ መስፈርቱንም አብሮ መስጠት አለበት። «እስቲ እየውና አስተያየት ስጠኝ» ከማለት ይልቅ «ጥያቄውን በሙሉ መልሻለሁ? ሦስተኛው አንቀጽ ከሁለተኛው ጋር ይያያዛል?» ብሎ መጠየቅ የሚያነበውን ሰው ዓይን ወደሚፈለገው ቦታ ይመራዋል።

ስህተት የሌለበት ደካማ አንቀጽ

አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀረበለት እንበል፦ «አንዳንዶች የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለሁሉም ነጻ መሆን አለበት ይላሉ፤ ሌሎች ተማሪው ራሱ ሊከፍል ይገባል ይላሉ። የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አብራርተህ አቋምህን ግለጽ።» ተማሪው በሁለተኛው አንቀጽ በእንግሊዝኛ የሚከተለውን ይጽፋል፦ «ነጻ ትምህርት ለአንድ አገር ጥሩ ነው። ብዙ ሰዎች ድሆች ናቸው። ትምህርት ነጻ ከሆነ አገሪቱ ታድጋለች። ዕድገት ለሁሉም አገር አስፈላጊ ነው።»

በሰዋስው ረገድ አንድም ስህተት የለበትም እንበል። ስህተት ብቻ የሚፈልግ አራሚ «ትክክል» ብሎ ያልፈዋል፤ ተማሪው ግን በዚህ አንቀጽ ከፍ ያለ ነጥብ አያገኝም። ከድህነት ወደ አገር ዕድገት የሚወስደው መንገድ አልተነገረም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከጥያቄው ወጥቷል።

እዚህ ላይ የሚጠቅመው አስተያየት አጭር ነው፦ «አንድ ድሃ ተማሪ ሳይከፍል መማሩ አገሪቱን የሚያሳድገው እንዴት ነው? ይህን በአንድ ምሳሌ አሳይ። አራተኛውን ዓረፍተ ነገር አውጣው።» ተማሪው ይህን ይዞ ሲመለስ ፈተናውን አልፎ ሳለ መክፈል አቅቶት ቤት የቀረ የገበሬ ልጅን ያስባል፤ ያ ልጅ ባለመማሩ ጤና ጣቢያው ያጣውን ነርስ ይጽፋል። የእንግሊዝኛ ችሎታው በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ አንቀጹ ግን ሌላ ሆነ።

ጆን ሃቲ እና ሄለን ቲምፐርሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ጥሩ አስተያየት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል ይላሉ፦ ወዴት እየሄድኩ ነው? አሁን የት ደረስኩ? ቀጥሎስ ምን ላድርግ? ከላይ ያለው አጭር አስተያየት ሦስተኛውን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል። «5.5 ይሰጠዋል» የሚል ቁጥር ብቻውን ቢበዛ ሁለተኛውን ቢመልስ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት የእስራኤል ተማሪዎችን በሦስት ከፍላ አንደኛው ቡድን አስተያየት ብቻ፣ ሁለተኛው ማርክ ብቻ፣ ሦስተኛው አስተያየትና ማርክ አንድ ላይ እንዲያገኙ አደረገች። በሥራቸው የተሻሻሉትና በአጠቃላይ ፍላጎታቸው ከፍ ብሎ የታየው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ ካገኙት ብዙም አልተለዩም፤ ቁጥሩ ከጎኑ ያለውን አስተያየት አስረሳቸው። ስለዚህ የሚያርም ሰው ነጥቡን በልቡ ይዞ፣ መጀመሪያ አስተያየቱን ብቻ መስጠትና ተማሪው ጽፎ ሲመለስ ነጥቡን መንገር ይችላል።

ቀዩ እስክሪብቶ ምን ያህል ይሥራ?

ሰዋስውን በተመለከተ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተከራክረዋል። ጆን ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለተኛ ቋንቋ በሚማሩ ሰዎች ጽሑፍ ላይ ሰዋስው ማረም አይጠቅምም፣ ይልቁንም ይጎዳል ብሎ ጻፈ። ዳና ፌሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 መልስ ሰጠች፤ እርማቱ ተመርጦና ግልጽ ሆኖ ከተሰጠ ይጠቅማል አለች። ክርክሩ ለዓመታት ቀጥሏል። በተግባር ግን አንድ ነገር ይታያል፦ አርባ ስህተት የተከበበበት ወረቀት የደረሰው ተማሪ የትኛውን እንደሚይዝ ያጣል።

የተሻለው መንገድ ደጋግመው የሚመጡትንና ደንብ ያላቸውን ስህተቶች መርጦ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ማንሳት ነው። የአማርኛ ተናጋሪዎች ድርሰት ላይ እነዚህ ይታወቃሉ። «ምንም እንኳ… ነገር ግን» ብሎ ማሰብ የለመደ ሰው በእንግሊዝኛም «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ በዚያው ዓረፍተ ነገር «በት» ይጨምራል፤ እንግሊዝኛው ግን አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው። «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» የሚለው ልማድ «ዲስከስ አባውት» ያስብላል። «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ደግሞ ይዘለላሉ ወይም ያለቦታቸው ይገባሉ። ተማሪው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የራሱን ተደጋጋሚ ስህተቶች ቢመዘግብ፣ በፈተናው የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ምን ፈልጎ ማንበብ እንዳለበት ያውቃል። እንዲሁ «ስህተት ካለ ልይ» ብሎ ማንበብና «በኦልዞው የጀመሩትን ልይ» ብሎ ማንበብ እጅግ ይለያያሉ።

ሰዓቱም ይታረም

ሰዓት ሳይያዝ የተጻፈ ድርሰት የሰውየውን እውቀት ያሳያል፤ ፈተናው የሚለካው ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ የሚያወጣውን ነው። ጂአርኢ የሚባለው የአሜሪካ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 መስከረም ጀምሮ የሚያስጽፈው አንድ ድርሰት ብቻ ነው፤ ጊዜውም 30 ደቂቃ ነው። እርሱ አንድ ልዩ ዕድል ይሰጣል፦ የጥያቄዎቹ ርዕሶች ሙሉ ስብስብ በአዘጋጁ በኢቲኤስ በኩል አስቀድሞ ይፋ ተደርጓል። ስለዚህ የልምምድ ጥያቄ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

በልምምድ ላይ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። የሰዓቱ ደወል ሲጮህ እስክሪብቶ ይቀየራል። እስከ ደወሉ በሰማያዊ የተጻፈው ከዚያ በኋላ በጥቁር ይቀጥላል። የሚያነበው ሰው ወዲያው ያያል፦ መደምደሚያው በሙሉ ጥቁር ከሆነ ችግሩ እንግሊዝኛ ላይሆን ይችላል፤ የዕቅድ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ መግቢያው ብቻ አሥራ አምስት ደቂቃ በልቶ ሊሆን ይችላል። ይህን የመሰለ ተማሪ ተጨማሪ ቃላት ከማጥናት ይልቅ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ወስዶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አቋሙንና የሁለት አንቀጹን ሐሳብ ብቻ መጻፍ ቢለማመድ ይበልጥ ይጠቀማል። ለዚህም ነው ተማሪው ሐሳቡን ያቀደበት ወረቀት ከድርሰቱ ጋር አብሮ ለአራሚው መሰጠት ያለበት።

ማን ያርም?

መልካም አስጠኚ ማግኘት የታደለ ሰው ጉዳዩ ቀሎለታል። የሌለው ግን ራሱን አራሚ አድርጎ ማሠልጠን ይችላል። በካምብሪጅ የሚታተሙት የአይልትስ መለማመጃ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ እውነተኛ ተፈታኞች የጻፏቸው ድርሰቶች ከተሰጣቸው ነጥብና ከአራሚው ማብራሪያ ጋር ታትመዋል። ኢቲኤስም ለጂአርኢ ተመሳሳይ ናሙናዎችን ከነማብራሪያቸው አቅርቧል። እነዚህን እንዲሁ አንብቦ ማለፍ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ማብራሪያውን በወረቀት ሸፍኖ፣ ድርሰቱን በአራቱ መስፈርት መዝኖ ነጥብ ሰጥቶ፣ ከዚያ ገልጦ ማስተያየት ግን ዓይንን ያሠለጥናል። ሁለት ጓደኛሞች ይህን አብረው ቢያደርጉና በተለያዩበት ነጥብ ላይ ቢከራከሩ፣ ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ድርሰት ሲያርም የሚናገረው ነገር ክብደት ይኖረዋል።

ማሽንም አለ። ኤሊስ ፔጅ ድርሰት በኮምፒውተር የማረምን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። ዛሬ የጂአርኢን ድርሰት አንድ ሰውና ኢ-ሬተር የተባለ ፕሮግራም ያዩታል፤ ሁለቱ ካልተቀራረቡ ሌላ ሰው ይጨመራል። ማሽን ብቻውን ሲተው ምን እንደሚሆን የኤምአይቲው ሌስ ፔረልማን አሳይቷል። እርሱና ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 «ቤብል» የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙ ጥቂት ቃላት ሲሰጡት ረጃጅምና ከባድ ቃላት የሞሉበት ግን ምንም ትርጉም የሌለው ድርሰት ያመርታል፤ አንዳንድ የማረሚያ ፕሮግራሞችም ለዚያ ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ብዙ ተማሪ ድርሰቱን ወደዚያ ይልካል። የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ሌሊትም ቢሆን ይመልሳል። ነገር ግን ያንኑ ድርሰት ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ የተለያየ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል፤ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ፈተና መመዝገብ አያዋጣም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ «አሻሽልልኝ» ሲባል ድርሰቱን በራሱ ቋንቋ ጽፎ መመለሱ ነው። ተማሪው ያማረ ጽሑፍ አንብቦ ይደሰታል፤ የራሱ እጅ ግን አልተለማመደም። ያን ጽሑፍ ሸምድዶ ፈተና ላይ መድገምም አደጋ አለው፤ የአይልትስ አራሚዎች የተሸመደደ መልስን እንዲለዩ ሠልጥነዋል፣ ነጥብም ይቀንሱበታል። ስለዚህ የይፋውን ሠንጠረዥ አብሮ መስጠት፣ «አትጻፍልኝ» ማለትና ለእያንዳንዱ አስተያየት ከድርሰቱ ውስጥ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚመለከት ጠቅሶ እንዲያሳይ ማዘዝ ያስፈልጋል። የጠቀሰው ዓረፍተ ነገር በወረቀቱ ላይ ከሌለ አስተያየቱም አይረባም።

ከማንም ቢመጣ አስተያየቱ ሥራ ላይ የሚውለው ያው ጥያቄ እንደገና ሲጻፍ ነው። በሳምንት አምስት አዳዲስ ድርሰት ጽፎ አምስቱንም ከመተው፣ ሁለት ጽፎ ሁለቱንም በአስተያየቱ መሠረት ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና በሰዓት መጻፍ ይሻላል። ሁለቱን ረቂቆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ደግሞ የትኛው ምክር እንደሠራ ያሳያል።

ይህ ሁሉ የግለሰብ ተፈታኝ ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ስልሳ ተማሪ የያዘ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በየሳምንቱ ስልሳ ድርሰት አርሞ አይዘልቀውም። በየሳምንቱ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ለሰላሳ ደቂቃ ሊያስጽፍ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ መስፈርት ብቻ በሰሌዳ ላይ አብራርቶ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲተራረሙ ሊያደርግ፣ ራሱ ደግሞ በየተራ አሥሩን ብቻ ሊያይ ይችላል። በዚህ አካሄድ እያንዳንዱ ተማሪ በስድስት ሳምንት አንድ ጊዜ ከመምህሩ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ከጓደኛው አስተያየት ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ሰዓትና በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የመስፈርት ዝርዝር ነው።